ቦኖው ላይ የሚበራው ባውዛ

ሁለት የቀን ሠራተኞች አዲሱን ቆርቆሮ መሰላል ላይ አቁመው ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብሉት፣ ነጸብራቁ በሰፈሩ ላይ ይመላለስ ጀመር። በመጀመሪያ የመስጊዱን አጥር ነካ፤ ቀጥሎ የሙህዲንን ሱቅ፤ በመጨረሻ የታረቀኝ ዓይን ውስጥ ገባ።

«ጋሼ ታረቀኝ፣ አስቸገረዎት?» አለች ፈሪሀ። እዚህ ሊሠራ የታሰበው መጋዘን የጣራው ነጸብራቅና የሌሊት መብራቱ ጎረቤት እንዳይጎዳ እንድታጠና የተላከች ባለሙያ ናት፤ ቆርቆሮውንም የምታስሞክረው እሷ ናት።

«የቆቦ ፀሐይ ያልገደለኝን ቆርቆሮ አይገድለኝም፣ ልጄ።»

ሰው ሳቀ። ታረቀኝ ሲናገር መሳቅ የተለመደ ነው። በሠርግ ፎካሪ፣ በለቅሶ አጽናኝ፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ ለሰው ቅጽል ስም አውጪ እሱ ነው። ዮናስ የሚባል ጎረቤቱ ለሚስቱ ሽንኩርት ሲልጥ ቢያገኘው «እመት ጓዳ» አለው፤ ምስኪኑ እስከ ዛሬ በዚያው ይጠራል።

ፈሪሀ ሰዉን ግራሩ ጥላ ሥር ሰብስባ ስለ ሌሊቱ መብራት ማስረዳት ስትጀምር ግን የታረቀኝ ጨዋታ ጠፋ። መጋዘኑ ማሽላና ሽንኩርት ስለሚከማችበት በየማዕዘኑ ባውዛ ይተከልለታል። በምሥራቅ በኩል ያለው ሌሊቱን ሙሉ የሰፈሩን የውኃ ቦኖ ያበራል።

ታረቀኝ ልቡ ድንግጥ አለ። ቦኖው ላይ ውኃ የሚመጣው ሰው ከተኛ በኋላ ነው። ሚስቱን አስካለን ከክረምት ጀምሮ ወገቧን ይዟታል፤ ጋሪ በዚያ ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ፎካሪው ታረቀኝ የሚስቱን ነጠላ ተከናንቦ፣ ጀሪካን አዝሎ፣ ጨለማን ተገን አድርጎ ከሴቶች ጋር ይሰለፋል። ሰላም ሲሉት መልሱ ሳል ብቻ ነው፤ እሱንም ያቀጥነዋል። አሁን መብራቱ ከበራ ወይ ስሙ ይጠፋል፣ ወይ የአስካለ ወገብ።

«ቅር የሚለው አለ?» አለች ፈሪሀ።

«እኔን!» አለ ታረቀኝ ሳያስበው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። «በሬዎቼ እንቅልፍ ያጣሉ።»

«በሬዎችህን አምና ሸጠሃቸው የለም እንዴ?» አለ ዮናስ፣ ደስ እያለው።

«ዶሮዎቹስ? ነጋ ብለው ሌሊቱን ሲጮኹ ሊያድሩ ነው!»

«እውነቱን ነው፤ ወላሂ ዶሮ አይቻልም!» ብሎ ባለሱቁ ሙህዲን ከኋላ ደገፈው። ሙህዲን ዶሮ የለውም።

«ይጩኹ! ሙስሊሙ ለሱብሂ፣ ክርስቲያኑ ለኪዳን ይነሳባቸዋል» አለ ዮናስ። «ሴቶቹስ ጅብ እየፈሩ በጨለማ ከሚቀዱ ይሄ አይሻልም?»

ሴቶቹ እልል አሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ ታረቀኝም ራሱ ጅቡን ሲፈራ ነው የከረመው።

ከጎኑ የተቀመጠችው አስካለ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ተወው በቃ» አለችው በሹክሹክታ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔው እወርዳለሁ። ያንተ ስም ከሚጠፋ የኔ ወገብ ይሰበር።»

ያለ ቂም ነው ያለችው፤ አንጀቱን የበላውም እሱ ነው። ያገባት ዕለት በሰው ፊት ምን ብሎ እንደ ፎከረ ትዝ አለው፤ አንበሳ እገድልልሻለሁ ነበር ያላት። አንበሳው አልመጣም፤ የመጣው ጀሪካን ነው።

ብድግ አለ።

«ልጄ፣ መብራቱ ይብራ። ግን ኋላ ባውዛ አጋለጠው እንዳትሉኝ ቀድሜ ልናገር። ለቤቴ ውኃ የምቀዳው እኔ ነኝ። በአስካለ ነጠላ።»

ዮናስ ስንት ዓመት የጠበቀው ቀን ድንገት ሲመጣበት የሚለው ጠፋው። ታረቀኝ ጆሮው እየጋለ፣ ስም እስኪወጣለት ቆሞ ጠበቀ።

«ሱብሃነላህ!» ብሎ ሙህዲን ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ። «ያቺ ረጅሟ፣ ሳላሟ ሴትዮ አንተ ነህ እንዴ? እኔ እኮ አሮጊት ናት ብዬ አዝኜ፣ ክረምቱን ሙሉ የቦኖ ተራዬን ስለቅልህ ነው የከረምኩት!»

ከተናገረ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። አፉን በእጁ ያዘ፤ ምን ዋጋ አለው። አስካለ የታመመ ወገቧን ደግፋ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች።

ፈሪሀ ሳቋን ለመዋጥ ጎንበስ ብላ ቆየችና ቀና አለች። «እንግዲህ፣ ባውዛው ፊቱን ከቦኖው ያዙርልን የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ከኋላ በኩል፣ እጃቸው ምን እንደሚናገርባቸው ያላሰቡ ወንዶች፣ አንድ በአንድ እጃቸውን ያወጡ ጀመር፤ ሴቶቹም ዞረው ከነጠላው ሥር የነበረው የማን የማን ባል እንደሆነ ይለዩ ጀመር።