ከ«ኢንፋንትሪ» ካርድ ላይ የተሰረዘው መስመር

እትዬ ካርዱን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ፣ አለቃው ጭምር፣ እትዬ ይላቸዋል። አለቃውንም ቢሆን ካርድ በፊደል ተራ መደርደር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

የእንግሊዝኛ ወታደራዊ ቃላት መዝገብ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። «ኢንፋንትሪ» በሚለው ካርድ ላይ «እግረኛ ጦር» የሚለው ፍቺ በቦታው አለ። ከሥሩ ግን እትዬ ሦስት ሳምንት የለፉበት የቃሉ የዘር ሐረግ ተሰርዟል። ከላቲን ሲነሣ መናገር ያልጀመረ ሕፃን ማለት ነበር፤ ጣሊያንኛ ሲደርስ ወጣት ሆነ፤ ከዚያም ፈረስ የሌለው፣ በእግሩ የሚዘምት ወጣት።

የክፍሉ ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ መስመር የሰረዘ ሰው ምክንያቱን በካርዱ ጀርባ ጽፎ ይፈርማል። የዚህ ካርድ ጀርባ ባዶ ነው። እትዬን ያንገበገባቸው ይኸው ነው። ሌባ እንኳ ዱካ ይተዋል!

አለቃው ቢሮ ሳያንኳኩ ገቡ።

«ማነው የሰረዘው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም! ስህተቱ የቱ ላይ ነው?»

«ስህተት የለበትም። ግን ሠራዊቱን ያስቀይማል። ሕፃን ብለን...»

«ያልኩት እኔ ነኝ እንዴ? ወንድሜን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለውትድርና ሲወስዱት፣ ጫማው ሰፍቶት ጋዜጣ የጠቀጠቅኩለት እኔ ነኝ። ያኔ ማን ተቀየመ? ወይ ምክንያትህን ጽፈህ ፈርም፣ ወይ መስመሬን መልስ!»

አለቃው ካርዱን ገልብጦ እስክሪብቶ አነሣ። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠው።

«ልጄን ወሰዱት» አለ። «ባለፈው ወር፣ አሥራ ስምንት ሞላህ ብለው። እግረኛ ጦር ነው የመደቡት። እናቱ የማሳትመውን ሁሉ ታነባለች። ይህን እንድታይብኝ አልፈለግኩም።»

እትዬ ልጁን ያውቁታል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚሁ እየመጣ ካርዳቸውን ያመሰቃቅል ነበር። ንዴታቸው አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰባቸው።

«አንተ ሰው፣ ልጅህን ከዚያ እንደማስወጣት ከካርድ ላይ ታስወጣዋለህ?»

«በየት በኩል ላስወጣው፣ እትዬ? ለማን አቤት ልበል?»

እትዬ ካርዱን ከእጁ ነጥቀው፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው፣ የተሰረዘውን ቃል በቃል መልሰው ጻፉት። ካርዱን ወደ እሱ ገፉለት።

«እናቱም ታንብበው» አሉት። «የወሰዱትም ያንብቡት።»

አለቃው ከተመለሰው መስመር ሥር ፈረመ።