የተላጡት ፕላስተሮች

አጎቷን ሰፈሩ የሚያውቀው በሬዲዮ ጠጋኝነቱ ነው። ከሰፈሩ ውጭ ግን፣ ስማቸውን በቅጡ መጥራት በማይችላቸው ከተሞች፣ ሰዎች «ሰባሪው» እያሉ ይጠሩታል፤ እሱን ለመስማት ዝናብ ላይ ይሰለፋሉ። ምላጭ ይህን መጀመሪያ ስትሰማ አላመነችም። እሷ የምታውቀው ሰባሪው ሁለት አንድ ዓይነት ካልሲ አግኝቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ምላጭ የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ከምላሷ የተነሳ። እናቷ ልብስ ሰፊ ስትሆን አጎትየው፣ የእናቷ ወንድም፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራል። እዚያ ክፍል ውስጥ የሙዚቃ ሸክላው ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ አልጋው በእንግድነት የመጣ ይመስላል።

ሥራው እንዲህ ነው። በድሮ ዘፈኖች መሃል ዘፋኙም ጊታሩም ዝም ብለው ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ። ቢበዛ ስምንት ሰከንድ ነው። ሌላው ሰው በዚያች ሰዓት ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሰባሪው ግን ዕድሜውን የጨረሰው እዚያች ውስጥ ነው። ይቆርጣታል፣ ይሰባብራታል፣ ፊቷን ወደ ኋላ አዙሮ ይገጣጥማታል፤ ከዚያ እግርህ ሳያስፈቅድህ ይነሳል። በሁለት የካሴት ቴፕ ሲጀምር ጎረቤት ቴፑ የተበላሸበት መስሎት መፍቻ ይዞለት መጥቶ ነበር። ጫማ ቤት ሲመረቅ አጫወተ፣ ስፖርት ቤት አጫወተ፤ ኮምፒውተር ከገዛ በኋላ ደግሞ የሠራቸው ሙዚቃዎች ከሱ ቀድመው ባሕር ተሻገሩ። ከዚያ ጆሮው ታመመና ሐኪሙ ዕረፍ አለው። አራት ዓመት ዐረፈ።

አሁን ድኗል። የድሮው የአውቶቡስ ጋራዥ አዳራሽ ሆኗልና የአዳራሹ ኃላፊ ራሷ መጥታ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአንድ ሰዓት ማጫወቻ ጊዜ ሰጠችው፤ ያለ ኮምፒውተር፣ በሸክላ ብቻ። ካማረለት ዓመቱን ሙሉ በየከተማው ልታዞረው ነው። ካላማረለት ሬዲዮዎቹ የትም አይሄዱም፣ ይጠብቁታል።

ምላጭ አብራ መሄድ ፈልጋ ስትጠይቅ እናቷ በሂሳብ ያመጣችውን ውጤት አስታወሰቻት። ስለዚህ ውለታ ልትሠራ አሰበች። ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ለይቶ ያስቀመጣቸውን አርባ ሸክላዎች አወጣችና በለስላሳ ጨርቅ ወለወለቻቸው። በያንዳንዱ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ፕላስተር ተለጥፋለች። ወንደላጤ ቤት ነው፣ ምን ይጠበቃል ብላ አንድ በአንድ ላጠቻቸው። ሁለት ሰዓት ፈጀባት።

አጎቷ ሲመለስ አንዱን ሸክላ አነሳ። ሌላውን አነሳ። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«ፕላስተሮቹስ?»

«ቆሻሻዎቹን ነው፣ ጋሼ? ጣልኳቸው። ማመስገን አይጠበቅብህም።»

አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። ፕላስተሯ መርፌው የሚያርፍባት ቦታ ምልክት መሆኗን፣ ከበሮው ብቻውን የሚጀምረው እዚያ ጋ መሆኑን፣ ሺህ ሰው ፊት ቆሞ ደግሞ ያንን ቦታ በጆሮ ማፈላለጊያ ጊዜ እንደሌለ ቀስ ብሎ ነገራት። የሰውየውን ሃያ ዓመት በጥፍሯ ፍቃ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምራዋለች።

እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ገባች፣ ጉዱን ሰማች፣ ልጇን አየቻት፤ ሆዷ ባባና ስድቧን ለሌላ ቀን አቆየችው።

አጎትየው ግን ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። አንዱን ሸክላ በሁለት መዳፉ ጫፍ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዘነበለውና ምላጭን ጠራት። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲጮህ ድምፁ የተቀረጸበት ጭረት ይሻክራል፣ ግራጫ ይሆናል፤ ብዙው ዝም ሲል ይጠቁራል አላት። ምላጭ ዐይኗን አጠበበች። መጀመሪያ ያየችው የራሷን አፍንጫ ነበር። ቀጥሎ ከግራጫው መሃል ፀጉር የምታህል ጥቁር ቀለበት ብቅ አለች። ዘፈን በዐይን ይታያል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ስትኖር ማንም አልነገራትም።

ሥራ ተጀመረ። እናቷ በትልቁ የጨርቅ መቀስ ፕላስተር እየቆረጠች፣ ምላጭ እያቀበለች፣ እሱ እያየና እየለጠፈ ሃያ ሁለት ላይ ሲደርሱ መኪናው መጣ። ምላጭ ማንም ግቢ ሳይላት ገባች። እናቷም የመኪናውን በር ዘጋችላት።

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የነዘራት ደረቷ ነው። ካልሲ የማያገኘው ሰውዬ ሁለቱን ሸክላ ማጫወቻ በሁለት እጁ ይዞ አንዱን ሲለቅ ሌላውን ይመልሳል፤ አንዲቷ የከበሮ ምት ትሰነጠቃለች፣ አራት ትሆናለች፣ ስምንት ትሆናለች፣ ወለሉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ይነሳል። ምላጭ ከጀርባው ቆማ አፏን መዝጋት ረሳች።

አርባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ምልክት ያለባቸው አለቁ። እሱም ያልተለጠፈበትን አነሳ፣ መብራቱ ስር ዘንበል አደረገ፣ አንድ ጊዜ አየ፣ መርፌውን ጣለ። ልክ ከበሮው ላይ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አሥረኛውም እንዲሁ። ስልክ ይዘው የሚቀርፁት እንኳ እጃቸውን አወረዱ።

መጨረሻ ላይ አንዱን ሸክላ ወደሷ ዘረጋና ጆሮዋ ጋ ጎንበስ አለ።

«የቱ ጋ ነው?»

አዘነበለችው፤ ጥቁሯን ቀለበት አገኘችና በትንሽ ጣቷ አሳየችው። እሱ መልሶ ሳያጣራ መርፌውን እዚያው አሳረፈ። ትንሽ ቀድማ ነበር፤ የዘፋኟ የመጨረሻ እስትንፋስ፣ «ኧህ» የምትል፣ ከከበሮው ፊት አብራ ወጣች። እሱ ግን ሸክላውን መለሰው፣ ደገማት፣ ሰለሳት፤ «ኧህ» ከከበሮው ጋር እየተሰባበረች ሄደች፣ ሺህ ሰው ተቀብሎ «ኧህ» አለ፣ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

ሲጨርሱ የአዳራሹ ኃላፊ የከተሞቹን ዝርዝር ይዛ መጣች። አጎትየው ላቡን እየጠረገ ቆይ አላትና ለምላጭ ከኪሱ ቁራጭ ፕላስተር አውጥቶ ሰጣት። በመጨረሻው ሸክላ ላይ የት ልለጥፈው ብላ ጠየቀችው፤ ትክክለኛው ቦታ ትንሽ ወደ ውስጥ መሆኑን አሁን አውቃዋለች።

«አንቺ ያሳየሽኝ ቦታ» አላት። «ደግሞ እንዳትልጪው።»