ክፉኛ ደግ

ኦልደን ቢል ዕድሜውን ሙሉ በሰሜን አሜሪካ፣ በሜይን ባሕር ዳርቻ፣ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ሲያጠምድ የኖረ፣ ጨዋታ የማይጠግብ ሰው ነበር። በመከር ወራት ስትሮክ መታውና ምላሱ ታሰረ፤ አንድ እጁም አልታዘዝ አለው። ባልና ሚስቱ ሥራቸው ተያይቶ መዋል ብቻ ሆነ፤ ሚስቱ ቨርና ቀልዱ ቀርቶ ቁጣው እንኳ ናፈቃት።

በረዶው ሲበረታ ኦዴሳ የምትባል የንግግር ሐኪም ትመላለስ ጀመር። የሞቃቱ ደቡብ፣ የአላባማ ልጅ ናት፤ በረዶ ላይ መኪና ነድታ አታውቅም። ቢሆንም አንድም ቀን አልቀረችም። “አቶ ኦልደን፣ እስቲ ከንፈርዎን እንደኔ ያድርጉ” ትለዋለች። እሱ ግን “እእ” ከማለት አያልፍም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦልደን ትክ ብሎ አያት። ደም ሥሩ ተገታትሮ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ “ዊክድ!” አላት።

ኦዴሳ ክው አለች። የቄስ ልጅ ናት፤ በአገሯ ያ ቃል “ክፉ፣ ኃጢአተኛ” ማለት ነው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቨርና ሽርጧን እንደታጠቀች ተከትላት ሮጠች።

“ቆይ፣ ልጄ! አልሰደበሽም!”

“ክፉ አሉኝ እኮ! ምን አድርጌያቸው ነው?”

“እኛ ዘንድ ያ ቃል ብቻውን አይቆምም። ብርዱ ሲብስ ‘ክፉኛ በረደ’፣ ሾርባው ሲጥም ‘ክፉኛ ጣመ’ እንላለን። በጣም ማለት እኮ ነው! ተከታዩ ቃል አልወጣ ብሎት ነው።”

“ታዲያ ምን ሊሉኝ ነበር?”

“እሱን ራሱን ጠይቂው። ነይ ግቢ፣ በብርድ ልትገድዪኝ ነው!”

ኦልደን በደህና እጁ ጠረጴዛውን እየደበደበ ያለቅሳል። ኦዴሳ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው።

“ይቅርታ፣ አቶ ኦልደን። ክፉኛ ምን?”

ታገለ፤ አማጠ። “ክፉኛ... ደ... ደግ” አላት።

ቨርና ድምፁን ስትሰማ ሮጣ መጣች። የልጅቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ፣ “የወለደችሽ እናት ትባረክ!” እያለች ሳመቻት።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ አንድ በአንድ ተመለሰ። በጸደይ፣ እሁድ ምሳ ላይ፣ ቨርና ለኦዴሳ፣ ለኦዴሳ እናት፣ ለመኪናዋ ጎማ ሳይቀር እየጸለየች ጸሎቷን ስታረዝም፣ ኦልደን አንድ ዓይኑን ገለጠ።

“ሴትዮ፣ አሜን በይ እንጂ! ክፉኛ ርቦኛል።”

ቨርና “አሜን” አለች፤ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።