ባዶ ነኝ ያለው ድልድይ

ፕሮግራመሯ ኮምፒውተር ውስጥ የሠራችው ድልድይ ከእውነተኛው ይከብዳል ቢባል ማጋነን አይደለም። ምሰሶዎቹ፣ በየምሰሶው የተተከሉት የንዝረት መለኪያዎች፣ የየመለኪያው ንባብ፣ ሁሉም ማሽኑ እስኪያቃስት ተጠቅጥቋል። ችግሩ አንድ ነው፤ አይታይም።

መሥሪያ ቤቱ የሚሠራበት ማዕቀፍ፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ ሁሉ የሚገነቡበት መሠረት፣ የእያንዳንዱን ነገር ውስጥ እየከፈቱ የሚያዩበት የማሰሻ መስኮት አለው። የተለመደ ግራፍ ወይም ሠንጠረዥ ሲሆን ገና ሲነኩት ሆድ ዕቃውን ዘርግፎ ያሳያል። የእሷን ድልድይ ግን ስሙን ብቻ ጽፎ ዝም። ጣቷ እስኪግል ብትነካካው ንቅንቅ የለም።

አለቃው ደግሞ ከምሳ በፊት ይመጣል። «በመስኮቱ ካላየሁት ወደ ድሮው ወረቀት እንመለሳለን» ብሏል። ያን ጊዜ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

«የእህቴ ልጅ፣ ድልድይሽ ተደረመሰ እንዴ?» አሉ አጎቷ። እዚያው ቢሮ የድልድይ መሐንዲስ ናቸው።

«አልተደረመሰም ጋሼ። ውስጡ ሙሉ ነው፣ አልከፈት አለኝ እንጂ።»

«ታዲያ አንኳኪዋ።»

ቀልዳቸውን ነበር። እሷ ግን ነገሩ ከነከናት፤ መስኮቱስ ሲነካ ድልድዩን ምን ብሎ ይሆን የሚያንኳኳው? ፕሮግራሙን በየእርምጃው እያስቆመች ተከተለችው። ለካ መስኮቱ በተነካ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ውስጥህ ሌላ ነገር አለ? ድልድዩ እንዴት እንደሚሰላ፣ እንዴት እንደሚሳል ጽፋለታለች፤ ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አላበጀችለትም። እሱም የማዕቀፉ ዕቃዎች ሁሉ ከሚወለዱበት ከአንድ ወላጅ ኮድ የወረሰውን ይመልሳል፦ የለም።

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ተሸክሞ ባዶ ነኝ እያለ እኮ ነው።»

«በአባትሽ ወገን ወጣ በይኛ። ጓዳቸው ሞልቶ፣ እንግዳ ሲመጣ የለንም ነው።»

«ይተዉ ጋሼ፣ ሰው ይሰማል።»

መልሱን «አለ» አድርጋ ነካችው። ተከፈተ፤ ግን ምንም አልወጣም። አለኝ ማለት ብቻውን አይበቃማ፣ እያወጣ ማቀበል አለበት። ምሰሶዎቹን ከነመለኪያዎቻቸው አንድ በአንድ ለመስኮቱ እንዲያቀብል ጻፈችለት። እንደገና ስትነካው ምሰሶዎቹ ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ፤ በየምሰሶው ሥር ደግሞ መለኪያዎቹ።

አለቃው መጣ። ቆሞ ሊያይ ነበር፤ ወዲያው ማውሱን ከእጇ ወሰደ፣ ቀጥሎም ወንበሯን።

«ይኼስ ሲከፈት?»

«ይንኩት።»

«ከሱ በታችስ?»

«እሱንም ይንኩት።»

«ወረቀቱን ላምጣ ወይስ ይቅር?» አሉ አጎትየው።

አለቃው አልሰማቸውም። ሕንጻው በሙሉ ለምሳ ሲወጣ እሱ ገና አራተኛው ምሰሶ ላይ ነበር።