ሃያ ሁለቱ ደቂቃ የት ገባ

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ተማሪዎች «አባባ ቀስ» ይሉታል። እሱም ስሙን አይጠላውም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። አዲሷ ርእሰ መምህርት ግን እንቁላሉ እስኪሄድ የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም።

«ማታ ሕንፃውን ዘግተው ለመጨረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ዕቅድ ያምጡልኝ» አለችው። መዋሸት አይሆንለትምና ሃምሳ ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ተመለሰ። እስከ ዓርብ ወደ ሠላሳ ካልወረደ ጥበቃውን ሌላ ድርጅት ይረከባል፣ እሱም በክብር ይሸኛል ተባለ።

«በክብር» የምትለዋ ቃል ሚስቱን ከሁሉ በላይ አንገበገበቻት። እሷም እዚያው የጽዳት ሠራተኛ ናት። ጎህ ሲቀድ ገብታ፣ ተማሪ ሳይመጣ ስምንቱን ክፍል ወልውላ ትጨርሳለች፤ እሱ የሚገባው ከምሳ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሕንፃ ውስጥ ሲሠሩ አንዳቸው የሌላውን ሥራ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ምሳ ላይ ግን ወሬያቸው ትምህርት ቤቱ ነው። ተማሪዎቹ ወንበራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው ስለሚሄዱ ሳታመሰግናቸው አትውልም።

«ወገቤን አተረፉልኝ፤ እነሱንም ከክፉ ያትርፋቸው» ትላለች።

«አሜን» ይላል እሱ፣ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ።

ሐሙስ ማታ የስልኳን ሰዓት ይዛ እንደ ፈታኝ ከኋላው ተከተለችው፤ እሱ ክፍል ሲገባ እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትቆጥራለች። መስኮት ዘጋ፣ መብራት አጠፋ፣ ቆለፈ፣ በሩን በትከሻው ሁለቴ ገፋ አድርጎ ሞከረ። ደረጃው ላይ ጉልበቱን እያሻሸ አረፈ። የመጨረሻውን በር ሲቆልፍ ሰዓቷን አየች።

«ሃያ ስምንት። የቀረውን ሃያ ሁለት ደቂቃ ከማን ጋር ነው የምታሳልፈው?»

«ጉልበቴ ነው» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«ጉልበትህማ ዛሬም አብሮህ ነበር።»

«አንቺ ቅደሚ፤ የረሳሁት ነገር አለ።»

«የረሳኸውን ነገ ታስታውሰዋለህ» ብላ ክንዱን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው። መንገዱን ሁሉ ዞር ዞር እያለ ሕንፃውን ሲያይ በልቧ ሳቀችበት።

ዓርብ ንጋት ላይ የመጀመሪያውን ክፍል ስትከፍት ወንበሮቹ ሁሉ ወለሉ ላይ ናቸው። «ልጆቹን ምን ነካቸው?» ብላ ተቆጣች። ሁለተኛውም ክፍል እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ መወልወያዋን ይዛ ቆመች። ከሃምሳ ላይ ሃያ ስምንት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ስምንት ክፍል፣ ሁለት መቶ ወንበር፣ በዚያ ጉልበቱ። ከትንንሾቹ ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። ባሏን እንደዚያን ጠዋት ወዳው አታውቅም።

ርእሰ መምህሯ ስትመጣ መወልወያዋን እንደያዘች ቢሮዋ ገባች።

«ለመዝጋት ሃያ ስምንት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፤ ራሴ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። የቀረው እኔ እንዳልጎብጥ ወንበር ሲሰቅል የሚያጠፋው ነው። እሱ የኔ ሥራ ነበር፤ በሱ አይቆጠርበት።»

ርእሰ መምህሯ ወረቀቱን ስባ ሃምሳውን ሰረዘች፣ ሃያ ስምንት ብላ ጻፈችና ፈረመች። ከዛሬ ጀምሮ ተማሪዎች ወንበራቸውን ራሳቸው ሰቅለው ይወጣሉ አለች።

ምሳ ላይ አባባ ቀስ ጥፋት እንዳለበት ልጅ ተቀምጦ ጠበቃት። ምግቡን አቀረበችለት።

«ዕቅድህ ጸድቋል» አለችው። «አሥራ አንድ ዓመት ተማሪ ስመርቅ ለካ አንተን ነው የምመርቀው።»

«እኔስ አሜን ስል አልነበር?»

«ሌባ» አለችው፣ ሳህኑን ወደሱ እየገፋች። «ከእንግዲህ ልጆቹ ናቸው የሚሰቅሉት። አንተ ዘግተህ ቶሎ ና።»

ጥቂት አላመጠና ቆም አለ።

«ልጅ ይረሳል» አለ። «የተባልኩት እስከ ሠላሳ አይደል? ሁለት ደቂቃ ትተርፈኛለች። ዞር እያልኩ አያለሁ።»