ባንዲራ ያዡ

አጎቷ መደርደሪያው ፊት ቆሞ የአባቷን የአሻንጉሊት ወታደሮች በእፍኙ እየዘገነ ካርቶን ውስጥ ሲከት ደረሰችበት። ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ጢም ብሏል። ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣ ግራና ቀኝ እየገላመጠ ሲሠራ፣ ሌባ እንጂ የሟች ታላቅ ወንድም አይመስልም። አውራ ጣት የሚያካክሉት ወታደሮች፣ አባቷ ዓይኑ እስኪፈዝ አንድ በአንድ የቀባቸው፣ ጦራቸው እየተሰበረ እላይ በላይ ይወድቃሉ።

«ጋሼ፣ ይተዉት።»

ከሰዓት በኋላ የአውቶቡስ ድርጅቱ አለቆች እንደሚመጡ በሹክሹክታ አስረዳት። ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ስንት ዓመት የነዳ ሹፌር አሻንጉሊት ደርድሮ ሞተ ሊባል ነው።

«ዛሬ እንኳ አይሳቁበት» አላት።

ካርቶኑን ከእጁ ተቀበለችው። ቁጭ ብላ፣ ለቅሶ ደራሹ እያያት፣ ወታደሮቹን እየመለሰች መደርደር ጀመረች። እናቷ ከሶፋው ላይ አየቻቸው፤ ሻይዋን አስቀመጠች።

አባቷ በመሥሪያ ቤቱ «ሻለቃ» ነበር። አንድ ቀን ከምሳ ዕቃው ውስጥ አንድ ፈረሰኛ ወድቆ ጓደኞቹ ስላዩት ስሙ ወጣለት፤ በዚያው ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሹፌሮቹ ተሰልፈው ሰላምታ ይሰጡታል፤ እሱም ያን የሚያህል ሰውዬ፣ በሩን የሚሞላ፣ ቀጥ ብሎ አጸፋውን ይመልሳል። ደስ ይለው ነበር። ያፍር የነበረው አጎቷ ነው። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር፤ ሰው ሲጠይቀው «ወንድሜ ቅርሳ ቅርስ ይሰበስባል» ይላል።

እሷ ማታ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ስትመጣ፣ አባቷ በሚቀባበት ጠረጴዛ ላይ ቦታ ይጠብቃት ነበር። የሷ ሥራ ፕራይመሩ ነበር፤ ከቀለሙ በፊት የሚረጨው፣ እሱ ከሌለ የስንት ቀን ቅብ በጥፍር ተፍቆ የሚነሳው። በዚህ ደግሞ ተስማምተው አያውቁም። እሱ ጥቁር ነው የሚወደው፤ ብሩሽ ያልደረሰበት ጥጋጥግ ጥላ መስሎ ይታለፋል፣ ጥቁር ይቅር ባይ ነው ይላል። እሷ ነጭ ነው የምትለው። ቀለሙ የሚያበራው በነጭ ላይ ነው፤ ስህተቱ ከታየም ይታይ።

መጀመሪያ ቀን የሴት ፀጉር ላይ ስፕሬይ የምትነፋ መስሏት አንዱ ወታደር ላይ እጇን አቁማ ጣሳውን ለቀቀችበት። አፍንጫው፣ ዓይኑ፣ አፉ ሰመጠ። አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። «ከሱ ውጭ ጀምሪ፣ በላዩ እለፊ፣ ከሱ ውጭ ጨርሺ። እላዩ ላይ እንዳትቆሚ» አላት። ፊት የለሹን ወታደር ግን አልጣለውም፤ «ዲፕሎማቱ» ብሎ ከፊት ረድፍ አቆመው። አሁንም መለሰችውና እዚያው አቆመችው።

የጥርስ ሐኪሙ የገባው ይኼኔ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ ጦር የሚያሰልፍበት የአባቷ የጨዋታ ባላንጣ ነው፤ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ በእጁ ፌስታል ይዟል። እናቷን አጽናንቶ ወደሷ መጣና ፌስታሉን ሰጣት። የፕራይመር ጣሳ ነው። አባቷ ታሞ ከተኛበት ደውሎ አዞት ነበር። ባንዲራ ያዡ ወታደር ብቻ ነው ሳይቀባ የቀረው፣ ባንዲራ ያዥ የሌለው ጦር አይሰለፍም፣ ከልጄ ጋ ደግሞ በቀለሙ አንግባባም፣ አንተ ምረጥ ብሎት።

ክዳኑን አየችው።

«ግራጫ?»

«ሁለታችሁንም ፈርቼ ነው» አለ ሐኪሙ።

ሳቋ አመለጣት። የለቅሶ ቤቱ ሰው ዞሮ አያት፤ አጎቷ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን ቆርጣለች። አለቆቹ ሲመጡ ጦሩ እዚያው ይጠብቃቸዋል፤ ባንዲራ ያዡም ከፊቱ ይቆማል።

ጠዋቱን ዘንቦ ነበር። አየሩ እርጥብ ከሆነ ፕራይመሩ አሸዋ እንደተነሰነሰበት ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ አባቷ ፎጣ አስጥቶ ፎጣው ካልደረቀ ጣሳ አያነሳም። እሷም ፎጣ አሰጣች። ወጣ እያለች ትዳስሰዋለች። ሴቶቹ ልታለቅስ የምትወጣ መስሏቸው «ተዋት፣ ይውጣላት» ይባባላሉ። ፀሐይ ወጣች፤ ፎጣው ደረቀ።

ባንዲራ ያዡን በአባቷ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ላይ አጣብቃ ወደ ግቢ ስትወጣ አጎቷ ደጃፉ ላይ ቆመባት።

«በለቅሶ ቤት ቀለም ልትረጪ?»

«አዎ።»

«ሲስቁበት ልታዪ ነው?»

«ይሳቁ ጋሼ። እሱ አብሯቸው ይስቅ ነበር። የሚያፍሩት እርስዎ ነዎት።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እኔን ደግሞ እሱ ነው ያሳደገኝ። አልደብቀውም።»

ከደጃፉ ዞር አለላት።

ጣሳውን ነቀነቀችው። ውስጡ ያለችው ኳስ ስትንቀጫቀጭ ሳሎን ድረስ ተሰማ፤ ሹክሹክታው ቆመ። ይስሙ ብላ ጨምራ ነቀነቀችው። ከባንዲራ ያዡ ውጭ ጀመረች፣ በላዩ አለፈች፣ ከሱ ውጭ ጨረሰች። ግራጫው ስስ ሆኖ አረፈበት፤ የፊቱ መስመር ሁሉ እንዳለ ነው። መቼም እንዲህ አምሮላት አያውቅም፤ እዩልኝ የምትለው ሰው ደግሞ የለም። እዚያው እላዩ ላይ እጇን ልታቆም ፈለገች። አላቆመችም። አለፈች።

ሲደርቅ ወስዳ ከዲፕሎማቱ ፊት አቆመችው።

አለቆቹ በጥቁር ሱፍ፣ በሰልፍ ገቡ። የመጀመሪያው መደርደሪያውን አይቶ ቀጥ አለ። ከንፈሩ ለሳቅ ሲንቀሳቀስ አጎቷ አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ግን ተረከዙን ገጥሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ለጦሩ ሰላምታ ሰጠ። ሳቀም። ዓይኑን በመሐረቡ ጠራረገ።

አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። ድምፁ አሁን ቁጣ የለበትም፤ ጣቶችሽ ግራጫ ሆነዋል፣ ሰው ሊጨብጥሽ ነው፣ ታጠቢ አላት።

እሷ ግን ቀኝ እጇን ከነቀለሙ ዘረጋች፤ የመጡትን ሁሉ አንድ በአንድ በሱው ጨበጠች።