ጦሩን ሰካው ወይስ ነቀለው?

«ገደለው እንጂ የምን ማዳን ነው?» አለች ካፊያ።

«በፈጠረሽ አምላክ፣ ሥዕሉን እዪው!»

«አየሁት እኮ።»

«ጦሩ ወንድምየው ደረት ላይ ተሰክቷል። ባለመዳብ ጓንቱ ደረሰ። ጨበጠው። ነቀለው። ወንድምየው ተነስቶ ቆመ። ምኑ ነው ግራ የገባሽ?»

«ወንድምየው ቆሟል። ባለመዳብ ጓንቱ ጦሩን ጨበጠ። ሰካበት። ወንድምየው ተዘረረ። አንተስ ምኑ ነው የጠፋህ?»

ሁለቱም ጣታቸውን የቀሰሩት አንድ ገጽ ላይ፣ እነዚያው ሥዕሎች ላይ ነው። ሚሊዮን፣ ጎረቤቱን ካፊያን የቶጎጫሌ ፀሐይ አናቷን መትቷት የመጣች መሰለው። ካፊያ ደግሞ ሰውየው ለዛሬው ክርክር ሲዘጋጅ ሰንብቶ ነካ ያደረገው መሰላት።

«ማህደር ታውቃለች?» ብላ በቀስታ ጠየቀችው።

«ምኑን?»

«እንዳመመህ።»

ሚሊዮንን ጅጅጋ ውስጥ በአባቱ ስም የሚጠራው የለም፤ «ሚሊዮን ጓንቱ» ነው የሚባለው። ስልክ ይጠግናል፣ መሸፈኛና ቻርጀር ይሸጣል። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ጽሑፍ «ጓንቱ ሞባይል» ስለሚል፣ የሥራ ጓንት ፈልገው የሚገቡ ግንበኞችን በትህትና መሸኘት ለምዷል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፎ ስለዚያ ስለሚወደው የሥዕል መጽሐፍ ጀግና፣ ስለ ባለመዳብ ጓንቱ፣ ለቲክቶክ ተከታዮቹ ይተነትናል። ከሐረር ከድሬዳዋ የሚያዳምጡት ብዙ ናቸው።

መጽሐፉ የመጣው በካፊያ እጅ ነው። ካፊያ ከጠረፍ ከተማዋ ከቶጎጫሌ ሰልባጅ እያመጣች ትሸጣለች። አንድ ቀን የልብስ ቦንዳ ስትፈታ ከመሃሉ ወፍራም፣ ባለቀለም፣ በአረብኛ የታተመ የሥዕል መጽሐፍ ወደቀ። ለልጆቿ እንዳትሰጠው ጦርና እሳት በዝቶበታል። ገለጥ ገለጥ አድርጋ ለሚሊዮን ሰጠችው።

ጊዜው ከ2010 ክረምት ጥቂት ወራት በኋላ ነበር። በዚያ ክረምት የሚሊዮን ሱቅ ከነዕቃው ነዷል፤ እሱና ሚስቱ ማህደር ካፊያ ጓሮ ባለችው ክፍል ተደብቀው ሰንብተዋል። ስለዚያ ነገር ሁለቱ ቤቶች አያወሩም። ማውራትም አያስፈልጋቸውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፉን ሲገልጠው መጀመሪያ ያየው የሚነድ ከተማ ነው። ቀጥሎ ባለው ገጽ እሳቱ ቀነሰ። ቀጥሎ ጭሱ ጠፋ፣ ሱቆቹ ተከፈቱ፣ ጓዛቸውን ተሸክመው ሲሮጡ የነበሩት ሰዎች በየደጃፋቸው ቆመው ይስቃሉ። መጨረሻ ላይ ጀግናው ጓንቱን አውልቆ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረና፣ ትንሽ ልጅ ሆኖ እናቱ ጉያ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሚሊዮንን ማን ይቻለው! «የሌላው ጀግና ከተማ አፍርሶ ነው የሚያሸንፈው፤ የኛው አቁሞ ነው የሚሄደው!» እያለ አገር ምድሩን አዳረሰ።

ለሁሉም ነገር መልስ ነበረው። የገጾቹ ቁጥር ወደ ታች መቁጠሩን «እንደ ሮኬት ነው፤ ዜሮ ሲደርስ ይነሳል» ብሎ ተንትኖታል። ማህደር «ይሄ ሰውዬ ግን ለምንድነው ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚራመደው?» ስትለው «ጨዋ ነው፤ ለሕዝብ ጀርባውን አይሰጥም» ብሏታል። አንድ ሪያድ የሚኖር ሰው «ወንድሜ፣ ገልብጠኸዋል» ብሎ ቢጽፍለት፣ ቀናተኛ ነው ብሎ አገደው።

ዛሬ ደግሞ ከዶክተር ዐብዲፈታህ ጋር ቀጠሮ አለው። ዐብዲፈታህ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ሰው ማስቀየም ስለማይወድ አያርምም። የሱ ፍቅር «ጣቢያ አርባ» የሚባል፣ ቀለም ወደ ቴሌቪዥን ሳይመጣ የተሠራ፣ የጠፈር ተከታታይ ድራማ ነው። ሁለቱ በየገጻቸው ሲዘላለፉ ከርመው ዛሬ አስር ሰዓት ላይ በቢሻሮ ሻይ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ሊገናኙ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ እጁን በሰው ደም ያልነከረው የማን ጀግና ነው? የተሸነፈው በገዛ ገጹ የባላጋራውን ጀግና ወር ሙሉ ያወድሳል። ሚሊዮን የሚተማመነው ደግሞ በዚህች ባለጦር ገጽ ነው።

«ቆይ» አለች ካፊያ። «ከየት ነው የጀመርከው?»

«ከዚህ ነዋ።» ጣቱን ከግራ በኩል ካለው ሥዕል ላይ አሳረፈ።

ካፊያ ጅቡቲ ስታድግ አረብኛ ተምራለች። ገጹን አየች፤ እሱን አየች።

«ሚሊዮን፣ ይሄ እኮ አረብኛ ነው።»

«አረብኛ ከቀኝ እንደሚጻፍ ጠፍቶኝ ነው? እዚሁ ተወልጄ!»

«ታዲያ ሥዕሉስ?»

«ሥዕል ደግሞ ምን ቋንቋ አለው?»

ካፊያ መጽሐፉን ገለበጠችና እሱ የኋላ ሽፋን የሚለውን ከፍታ ታነብለት ጀመር። «እናትየው ‹ልጄ፣ እዚያ ጋ አትቆፍር› ትለዋለች። ልጁ ቆፈረ። ጓንቱን አገኘ።»

«አገኘ? ቀበረ አይደለም?»

«አገኘ።»

ሚሊዮን በእጁ ወንበር ፈለገ። ካፊያ ልትስቅ አፏን ከፈተችና ፊቱን ስታየው መልሳ ዘጋችው።

«ስማኝ» አለች። «እኔ ለማንም አልናገርም። ዶክተርም ቁርአን ይቀራል እንጂ አረብኛ አይሰማም። ያ ገጽ ደግሞ አንድ ቃል የለበትም። እንደ ልማድህ ተናገርና ግባ።»

እሷ ከሄደች በኋላ ሚሊዮን መጽሐፉን ከቀኝ ጀመረው። አንድ ደንበኛ ስክሪን ሊያስቀይር መጥቶ ሦስት ጊዜ ሰላም ብሎት ተመለሰ። ማህደር ምሳ ይዛ ስትመጣ ባሏ ፀጉሩ ተንጨብሯል፤ ዓይኑ ያበራል።

«ማህደር፣ እናትየው አስጠንቅቃው ነበር! ወንድምየው በቅናት አይደለም የተጣላው፤ ጓንቱን እንዲያወልቅ ሲለምነው ነው! ቆሻሻ ቆሻሻውን ወንድምየው ላይ ስደፋ የኖርኩት እኔ ነኝ!»

«የቱ ወንድምየው? የዳነው?»

«አልዳነም!» አለ ሚሊዮን፤ ድምፁ ደስታም ሐዘንም ነበረበት። «ገደለው። ከዚያ ከተማው ነደደ። የመጨረሻው ገጽ እሳት ነው። እኔ እንዳወራሁት አይደለም። ግን ጥሩ ነው፤ እኔ ካወራሁት ይበልጣል፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ!»

ማህደር ነገሩ ሲገባት ሳህኑን አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገችና «ታዲያ አሁን ምን ልትል ነው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ!»

አስር ሰዓት ሲሆን የቢሻሮ ሻይ ቤት መርፌ መጣያ የለውም። የባጃጅ ነጂው፣ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ የማታው ሰላት እስኪደርስ መስጊዱ አጠገብ ለመቆየት የመጣው ሽማግሌ፣ ሁሉም የግመል ወተት ሻዩን ይዞ ተጨናንቋል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ከስልክ ጋር ተገናኝቷል። ካፊያ በሩ አጠገብ ቆማለች።

ቀድሞ የተናገረው ዐብዲፈታህ ነው። «ጣቢያ አርባ የጠፈር ኬላ ነው» አለ። «ከየፕላኔቱ የሚመጣ መርከብ ሁሉ እዚያ ቆሞ ይፈተሻል።»

«እንደኛው ኬላ በለና!» አለ አንድ ሾፌር፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«እንደኛው! ካፒቴኑ መሣሪያ ታጥቋል። ሰደቡት፤ አልተኮሰም። መርከቡን ሊቀሙት መጡ፤ አልተኮሰም። ‹መርከብ ይሠራል፤ ሰው አይሠራም› ብሎ ቁልፉን አስረከባቸው!»

ሚሊዮን አላስቻለውም። «ግድግዳው ካርቶን ነው! በር ሲዘጋ ጠፈሩ ይንቀጠቀጣል!»

«ግድግዳው ካርቶን ነው» አለ ዐብዲፈታህ ረጋ ብሎ። «ሰዎቹ ግን ሰዎች ናቸው። ያንተው ጀግና አይደለም እንዴ ሁለመናው ወረቀት?»

ጩኸቱ ጣሪያ ነካ። የሚሊዮን ተራ ሆነ። ምን እንደሚል አልወሰነም፤ አፉ ግን የለመደውን መንገድ ያውቀዋል። ስለ ከተማው፣ ስለ ሱቆቹ፣ ስለሚመለሱት ሰዎች ሲናገር ሰዉ አንገቱን አስግጎ አዳመጠ። ከዚያ ያቺን ገጽ ቴሌቪዥኑ ላይ አወጣት። አራት ሥዕል፤ ቃል የለም።

«ፍረዱ» አለና ዝም አለ። ከግራም ከቀኝም አላለም።

ዐብዲፈታህ መነጽሩን አድርጎ ቴሌቪዥኑ ሥር ሄደ። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ እንደሚያነበው ሁሉ ከግራ ጀምሮ አየ። ደግሞ አየ። ደህና ሰው ነው፤ ያየውን አይክድም።

«ነቅሎለታል» አለ። «ወላሂ፣ ነቅሎለታል። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ወረቀት ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።» እጁን ለሚሊዮን ዘረጋ።

ቤቱ ፈነዳ። የባጃጅ ነጂዎች ሚሊዮንን ከመሬት አንስተው ትከሻቸው ላይ ጫኑት። «ጓንቱ! ጓንቱ!» ይላል ሁሉም። ሚሊዮንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከላይ ሆኖ ሲያየው ደስ ብሎታል።

«ገደለው እኮ» አለ አንድ ድምፅ።

ጥጉ ላይ የተቀመጡት፣ ሰው ሁሉ «አዴር»፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ዐብዲረዛቅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ልጆችን ቁርአን ሲያስቀሩ የኖሩ ሽማግሌ። በከዘራቸው ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆሙ «ልጁ ቆሞ ነበር፤ ወጋው፤ ወደቀ» አሉ።

ሳቁ ከየአቅጣጫው መጣ። «አዴር፣ መነጽርዎን ይቀይሩ!» «ተኝተው ነው የነቁት!» «ሻዩ ስኳር በዝቶበት ነው!»

ሽማግሌው እንደገና አዩ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ለሦስተኛ ጊዜ አዩ። ከዘራውን ቀስ አድርገው አወረዱ። «እንግዲህ… ዓይኔ ይሆናላ» አሉ፤ ደግሞ ለመሳቅ ሞከሩ።

ሚሊዮን ወደ በሩ ተመለከተ። ካፊያ የሻይ ብርጭቆዋን ታያለች እንጂ ቀና አላለችም። አፏን እንደዘጋች ነው።

«አውርዱኝ» አለ።

«ዋርያ፣ ገና መንገድ ልናዞርህ ነው!»

«አውርዱኝ ብያለሁ!»

አወረዱት። ልብሱን ሳያስተካክል ተናገረ። «የአዴር ዓይን ደህና ነው። ገድሎታል። መጽሐፉ ከቀኝ ነው የሚጀምረው፤ ሥዕሉም ጭምር። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። «እኔ ከግራ ነው ያየሁት!» «እኔ ከቀኝ አይቼ ዝም ነው ያልኩት!» «አንተ ፈሪ!» አንዱ ተማሪ ራሱን ይዞ «ሶማሊኛ ከግራ፣ ቁርአን ከቀኝ፤ ዓይናችን ምን ይሁን?» ይላል። አዴር ዐብዲረዛቅ ከዘራቸውን መልሰው አንስተዋል፤ አሁን የሚጠቁሙት መነጽር ይቀይሩ ባላቸው ልጅ ላይ ነው።

ቢሻሮ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ወደ ፊት መጣች። «ቆይ፣ ከተማዋስ?» አለች። «ሱቆቹስ?»

ሚሊዮን ይህን ጥያቄ ነበር የፈራው። «ነደዱ» አለ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መጽሐፉ ያልቃል።»

ቢሻሮ ጥቂት አሰበች። «ቁጥር ሁለት ይኖረዋላ» አለችና ለአዴር ሻይ ልትቀዳ ሄደች።

ካፊያ ሰዉን እየገፋች ሚሊዮን አጠገብ ደረሰች። «አሸንፈህ ነበር እኮ፣ አንተ ጅል» አለችው፤ ፊቷ ግን ሌላ ነው የሚለው።

«አውቃለሁ።»

ዐብዲፈታህ የተዘረጋ እጁን ኪሱ ከቶ ትንሽ ፍላሽ አወጣ። ድል ድንገት እጁ ገብቶ የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው ይመስላል። «እንግዲህ ውል ውል ነው» አለ። «ወር ሙሉ ጣቢያ አርባ። ሁሉም ክፍል እዚህ ላይ አለ።»

ሚሊዮን ፍላሹን ተቀብሎ መዳፉ ላይ አገላበጠው። ነገ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ሊጀምረው ቆርጧል። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው።

«ዶክተር፣ ካፒቴኑ ግን እስከ መጨረሻው አልተኮሰም አይደል?»

ዐብዲፈታህ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«እኔ እንኳ» አለ፣ «የመጨረሻውን ክፍል ገና አላየሁትም።»